ጥለቱ ወደ ላይ

አያቴ የሞተው ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ጨጨብሳ እየበላ ነበር።

መሞቱን የሰማነው ከጥሩምባው ነው። ጥሩምባው በብሎካችን ባለ ሰው ሁሉ ኮሌታ ውስጥ ይኖራል። ድሮ ሰው ነበር ይባላል፤ ጎህ ሳይቀድ በየሰፈሩ እየዞረ ማን እንደሞተ የሚለፍፍ ሰውዬ። አሁን ሰውዬው የለም፣ ድምፁ ብቻ ቀርቷል። ሦስት ጊዜ ረዘም አድርጎ ነፋና፣ በዚያ በማይቸኩል ድምፁ፣ «የእድራችን አባል አቶ ኪሩቤል ተስፋዬ፣ ቤት ቁጥር ሁለት መቶ ሰባት፣ ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ድንኳኑ በብሎክ አርባ አንድ በር ላይ ነው» አለ።

አባባ፣ ማለትም አያቴ፣ ማኘኩን አቆመ።

«ማነው አለ?»

«ኪሩቤል። ሁለት መቶ ሰባት።»

«ሁለት መቶ ሰባት እኛ አይደለንም እንዴ?»

«እኛ ነን።»

ትንሽ አሰበ። «እንግዲህ ጉድ ነው» አለና ሳህኑን በጣቱ ዳስሶ ቀጣዩን ጉርሻ አገኘ። አባባ ሁለቱም ዓይኑ ላይ ሞራ አለበት፤ ምግቡን የሚፈልገው በእጁ ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው። ይህን መጀመሪያ ተናግሬው ይውጣልኝ። ብሎኩ ሁሉ ስለሚያውቀው ልደብቀው ብልም አልችልም።

ስሜ ማርዘነብ ነው። የጥንት ስም ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ስወለድ የጥንት ስም ፋሽን ነበር፤ ክፍላችን ውስጥ ሁለት በለጠሽ፣ አንድ ጥሩነሽና ሦስት ማርዘነብ አለን። የሽማግሌዎቹና የአሮጊቶቹ ስም ደግሞ ኪሩቤል፣ ናሆም፣ ሶልያና ነው። ስሙን ገና ስትሰማው ምርኩዝ ይዞ ይታይሃል። ስምንተኛ ክፍል ነኝ። ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ ስለሱ አናወራም።

እዚህ አዳማ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ብርዴ ሳይለብስ የሚወጣ ሰው የለም። ብርዴ ያው ብርዴ ነው። ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ግራጫ፣ ለሕፃኑም ለአሮጊቷም አንድ ዓይነት። ገላን ያቀዘቅዛል፣ ኮሌታው ያወራል። ከላዩ ላይ ልብስ ከደረቡበት መተንፈሻው ይታፈንና መጮኽ ይጀምራል። ስለዚህ የኛ ሰፈር ሰው ሰልፍ ላይ ሲቆም ከሩቅ የተደረደረ ጆንያ ነው የሚመስለው።

ብርዴ ላይ ተደርቦ የማያስጮኸውን ልብስ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ፌኔት ናት የሚል ሰው ካለ ፌኔትን ራሷን ይጠይቅ። የሟች ሴት አያቴ ነጠላ ነው፤ አልጋ ሥር ሻንጣ ውስጥ ነበር። ሰማያዊና ወርቅማ ጥለት አለው። በጣም ስስ ስለሆነ ብርዴው መኖሩንም አያውቅም። እኔና ጓደኞቼ ነጠላ ያየነው ሙዚየም ሲወስዱን ነው፣ መስታወት ውስጥ፣ አራት ቦታ ታጥፎ። ታጥፎ የተቀመጠ ነገር ደግሞ እንዴት እንደሚለበስ አይናገርም።

ያሳየኝም አልነበረም። እማዬ ሳምንቱን ሙሉ ሞጆ ደረቅ ወደብ ናት፤ የምትመጣው ቅዳሜ ማታ ነው። አባባ «ብል ከሚበላው አንቺ ልበሺው» ብሎ ሰጠኝ እንጂ እንዴት እንደለበስኩት አላየም። መስታወት ፊት ቆሜ አገላበጥኩት። ጥለቱ ወደ ታች ሲሆን ቀለሙ ሁሉ እግሬ ጋ ይቀርና እኔ ከላይ ያው ጆንያ ነኝ። ወደ ላይ ሲሆን ግን አንገቴን ይከበኛል፤ ወርቁ አገጬ ሥር ያበራል። ማንም ጤነኛ ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። ትርፉን በትከሻዬ ወደ ኋላ ወረወርኩና ጫፉን ከፍሪጁ በር ላይ በነቀልኩት ማግኔት ወገቤ ላይ ያዝኩት። ማግኔቱ የሙዝ ቅርጽ ነበረው። በጣም ነው የሄደው።

መጀመሪያ ሰሞን ትምህርት ቤት ከደረስኩ በኋላ ነበር የምለብሰው። በሁለት ሳምንት ውስጥ በየአልጋው ሥር ያለ ሻንጣ ሁሉ ተከፈተ፣ ከየፍሪጁ ማግኔት ጠፋ፣ አለባበሱም «ማርዜ» የሚል ስም ወጣለት። «ዛሬ ማርዜ ነሽ?» ይባባላሉ፣ እኔ እዚያው ቆሜ። እንዲህ ያለ ክብር ስታገኝ ልብስህን ቦርሳ ውስጥ ደብቀህ ከቤት አትወጣም። እናም ሐሙስ፣ ዓርብና ሰኞ ለብሼው ከቤት ወጣሁ፤ በብሎኩ በር፣ በሩ ላይ ከተሰቀለው የጥሩምባው ዓይን ሥር።

ሦስቱንም ቀን ኮሌታዬ «እግዜር ያጥናሽ» አለኝ። የሒሳብ ፈተና ነበረብን። ለሱ የተጨነቀልኝ መሰለኝ።

እና ማክሰኞ አባባ ሞተ።

ድንኳኑ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደረሰ። የሚያመጣው ሰው የለም፤ ራሱ ነው በአራት ጎማ እየተንከባለለ የሚመጣው። በሩ ጋ ሲደርስ እግሩን ይዘረጋል፣ ሸራውን ይወጥራል፣ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ይተፋል። ከዚያ ውስጡን ያቀዘቅዛል፣ ለቀስተኛ እንዳይጎዳ።

ከድንኳኑ ቀጥሎ የመጡት ከላያችን ያሉት እማማ ሶልያና ናቸው። ለቅሶውን የጀመሩት ደረጃው ላይ ነው። በራችንን ገፍተው «ወይኔ ጎረቤቴ፣ ወይኔ ኪሩቤ፣ ሳልሰናበትህ» ሲሉ አባባ፣ «ሶሊ፣ በሩን ዝጊው፣ ሙቀት ይገባል» አላቸው።

እማማ ሶልያና አፋቸውን እንደከፈቱ ቆሙ።

«አልሞትክም?»

«እኔ ምን አውቄ። የነገሩኝ ገና አሁን ነው።»

እማማ ሶልያና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሲቀመጡ ንዴቱ መጣባቸው። «እኔ ደግሞ በዚህ ጉልበቴ ደረጃውን ስሮጥ። ያን ሁሉ እንባ ማን ይመልስልኛል?»

«ለሌላ ጊዜ ይያዝልኝ» አለ አባባ።

እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ የአባባ ብርዴ ጠፋ። ኮሌታው በትሕትና «ላረፉ አባላት ማቀዝቀዣ ይቋረጣል» አለና ዝም አለ። ቤታችን ውስጥ ሠላሳ ዘጠኝ ዲግሪ ነበር። ትንሽ ቆይቶ አባባ ማውራት ተወ። እማማ ሶልያና ግንባሩን ነኩትና «ይሄ ሰውዬ እየተቀቀለ ነው» አሉ።

ሰው ያለ ብርዴ የሚቀመጥበት ቀዝቃዛ ቦታ በዚያ ሰዓት በብሎኩ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር። በግራና በቀኝ ይዘን አወረድነውና የራሱ ለቅሶ ላይ አስቀመጥነው።

ለቀስተኛው ይመጣ ጀመር። ጥሩምባው የቀረ ሰው ስም ይይዛል፤ ስለዚህ የሚቀር የለም። እየገቡ አባባን ያያሉ፣ ይደነግጣሉ፣ ከዚያ ግራና ቀኝ ተመልክተው ሌላውም ሰው ተቀምጦ ሲያዩ እነሱም ይቀመጣሉ። አንዱ ሰውዬ የሚለው ጠፍቶት አባባን ራሱን «እግዜር ያጥናችሁ» አለው። አባባም «አሜን፣ እናንተንም አይንካ» አለ። ንፍሮ ዞረ፤ አባባም ዘገነ። አንዲት ሴትዮ «ደግ ሰው ነበር» ስትል ጎኗ የተቀመጠችው በክርኗ ጎሸመቻት። «ነው እንጂ» አለች የጎሸመቻት። «ያው ነው፣ ደግ ነበር ነው ያልኩት፣ አሁንም ነው» አለች ሴትዮዋ። አንድ ሰዓት ሞልቶ ስማቸው መያዙን ኮሌታቸው ሲነግራቸው ተነሥተው ወደ ሥራቸው ሄዱ። አንድም ሰው ይሄ ነገር ስህተት ነው ብሎ ሲከራከር አላየሁም።

የተከራከርኩት እኔ ነኝ። የእድሩን ዳኛ ጋሽ ናሆምን ድንኳኑ በር ላይ ያዝኳቸው።

«ጋሽ ናሆም፣ በሕይወት አለ እኮ። ይኸው ንፍሮ እየበላ ነው።»

«አያለሁ፣ የኔ ልጅ።»

«ታዲያ ይሰርዙታ።»

ሰሌዳቸውን ከፍተው አሳዩኝ። ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ሞት፣ ወደ ብሎኩ የገባ፣ ከብሎኩ የወጣ። ለሁሉም ቅጽ አለ። «የተነሣ የሚል የለም» አሉ። «ሃያ ሁለት ዓመት ዳኛ ሆኛለሁ፣ አንድ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። ለከተማው ጽፌያለሁ። በሃያ አንድ የሥራ ቀን እንመልሳለን ብለዋል።»

«ዓርብ እኮ ቀዶ ጥገና አለው!»

ይሄ ነው ነገሩ። አባባ ለዓይኑ ተራ ሲጠብቅ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። ቀጠሮው ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር። ሆስፒታሉ ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጽፎልናል፦ በደረሰው ሐዘን የተሰማንን እንገልጻለን፣ ተራው ሐሙስ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለሚቀጥለው ሰው ይተላለፋል። ካለፈ እንደገና ከሰልፉ ጅራት ነው። አባባ ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሁለት ዓመት ከአራት ወር እንደ ዋዛ የሚጣል ነገር አይደለም።

ጋሽ ናሆም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ግን ለምን?» አልኳቸው። «ማነው ይሄን ያደረገው?»

«አንቺ» አሉ፣ ሳይቆጡ። «ሦስት ቀን አዘቅዝቀሽ ለብሰሽ በበሩ ወጣሽ። ከቤታችሁ ሞት ያመለከተ ሰው የለም። ጥሩምባው ሐዘን ከብዶት መናገር ያቃተው ቤት አለ ብሎ መፈለግ ጀመረ። እናትሽ ሞጆ ስትሠራ ትታያለች። አንቺ ትታያለሽ። ሽማግሌው ከበሩ ከወጣ አሥራ ስድስት ቀኑ። ከሦስት ሰው ሁለቱ ካሉ የቀረው ማነው?»

«አዘቅዝቀሽ ማለት ምን ማለት ነው?»

ጋሽ ናሆም አንገቴ ላይ ያለውን ጥለት አዩ። ወገቤ ላይ ያለውን ሙዝ አዩ። «አያትሽን ጠይቂው» ብለውኝ ሄዱ።

ሳልጠይቀው እማዬ መጣች። ከሞጆ አዳማ ሃያ ደቂቃ ነው፤ እሷ የደረሰችው ግን ስድስት ሰዓት ላይ ነው፣ ክሬኑ ላይ የሚተካት ሰው እስኪገኝ። አሥር ጊዜ ደውዬላት ነበር። ጥሩምባው ሐዘንተኛ እንዳይረበሽ ብሎ ጥሪዋን ሁሉ ዘግቶታል። ስለዚህ እማዬ ለአራት ሰዓት ያህል ኮንቴይነር እያነሣችና እያስቀመጠች አባቷ ሞቶ ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ ገባች። አላለቀሰችም። አባባ ጋ ሄዳ እጇን ደረቱ ላይ አሳረፈች፤ እዚያው ቆየች፣ የምትቆጥር ይመስል። አባባ እጇን አውቆት በላዩ ላይ እጁን ደረበ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ አንገቴን አየች።

«አውልቂው» አለች።

አወለቅኩት። በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«ወዲህ በሉት» አለ አባባ። ተቀብሎ ጥለቱን በጣቱ ፈተሸው። «እስኪ እንደለበስሽው ልበሺልኝ፣ ማሬ።» ለበስኩት። እጁ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ወጣ፤ ከጉልበቴ፣ ከወገቤ፣ ማግኔቱ ጋ ትንሽ ግራ ገባው፣ ከዚያ ወደ ትከሻዬ። አንገቴ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«እህ» አለ።

ጥለቱን በሁለት ጣቱ ያዘው።

«አያትሽ እንዲህ የለበሰችው እናቷ የሞተች ጊዜ ነው። ጥለቱ ወደ ላይ፣ አንድ ዓመት ሙሉ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ወደ ታች አድርጋው ወጣች። አንድ ቃል ሳትናገር ሰፈሩ ሁሉ ‹እንኳን ወጣልሽ› አላት። አፍ አያስፈልግም ነበር። ጨርቁ ይናገራል።»

«አሁንም እየተናገረ ነው» አለች እማዬ።

በዚያች ደቂቃ አንድ ነገር የገባኝ መሰለኝ። ጨርቅ ከገደለው ጨርቅ ያስነሣዋል።

ረቡዕ ጠዋት ጥለቱን ወደ ታች አድርጌ በበሩ ወጣሁ። ኮሌታዬ «ሣልስቱ በሰላም ወጣ፤ መጽናናቱን ይስጥሽ» አለኝ። አንድ ለውጥ አለ ማለት ነው። ተመልሼ ገባሁና እንደገና ወጣሁ። «ሰባቱ በሰላም ወጣ።» በደስታ ደገምኩት። «አርባው።» «ሰማንያው።» አምስተኛው ላይ «ሙት ዓመቱ ወጥቷል፤ ነፍስ ይማር» አለና በሩ ላይ ተሰቅሎ የነበረውን የአባባን ፎቶ አጠፋው። በሩብ ሰዓት ውስጥ አያቴን የዓመት ሙት አደረግኩት።

ጋሽ ናሆም በፒጃማ እየሮጡ መጡ። «በቃሽ! አንድ ዙር ብትጨምሪ ቤቱን ለሌላ ሰው ይሰጠዋል። ሙት ዓመቱ ከወጣ ድንኳኑም ይነሣል፣ ይኸው ነገ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይላል።»

ድንኳኑ ውስጥ ሆነን ማንም የማንንም ፊት ሳያይ ተቀመጥን። አሁን የሚጠፋው የዓይኑ ተራ ብቻ አልነበረም፤ የሚተነፍስበትም ቦታ ነው። አባባን የሌላ ሰው ብርዴ ቢያለብሱትም አይሠራም፤ ኮሌታ ሰውን በልብ ምቱ ያውቃል፣ መዝገቡ ሞቷል ካለው ግን ምቱን እየሰማም አይነፋም። እማዬ ሞክራዋለች።

እማማ ሶልያና ንፍሮ እየለቀሙ ነበር። ከማክሰኞ ጀምሮ ከአባባ ጎን አልተነሡም፤ የሚበላውን እጁ ላይ ያስቀምጡለታል፣ የገባውን ሰው ስም ይነግሩታል። በመሀል «ድንኳኑ እኮ ይኸው ድንኳን ነው» አሉ።

«የቱ?» አለች እማዬ።

«ልጄን ስድር የተከሉልኝ ነዋ። ያቺን ስፌቷን አውቃታለሁ፣ ዝናብ አስገብታብናለች።» ወደ ጋሽ ናሆም ዞሩ። «ናሆሜ፣ ጥሩምባው ለቅሶውንና ሠርጉን በምንድነው የሚለየው?»

ጋሽ ናሆም ሰሌዳቸውን ከፈቱ። «ሽማግሌዎቹ ድሮ ያስተማሩት በፎቶ ነው» አሉ። «ሰዎቹን ነው የሚያየው። ልብሳቸውን። ጥለታቸውን።»

«ስንት ሰው ሲሆን ነው ሠርግ የሚለው?»

«ከሃምሳ በላይ።»

በብሎኩ ውስጥ ነጠላ ያለው አዋቂ ሰው እማማ ሶልያና ብቻ ናቸው። በከተማው ውስጥ ከሃምሳ በላይ ነጠላ የት እንዳለ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

«ሙሽራስ?» አለች እማዬ። ሁላችንም አባባን አየነው።

«ሙሽሪትስ?» አልኩ እኔ።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አሉ እማማ ሶልያና። ገና ማንም አላያቸውም ነበር።

«ሶሊ፣ ተይ» አለ አባባ። «እኔ ሬሳ ነኝ።»

«ከአንተ የባሰ ባል ነበረኝ» አሉና ፀጉራቸውን አስተካከሉ።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ፌኔትን ሽንት ቤት በር ላይ አገኘኋት። ጓደኛዬ ናት፤ ማርዜን ከኔ ቀጥላ የለበሰችው እሷ ናት፣ ከእኔ የበለጠ ያምርባታል፣ ሁለታችንም እናውቃለን። ሁሉንም ነገርኳት። ማግኔቷን እያሽከረከረች ሰማችኝ። የሷ አናናስ ነው።

«ወደ ታች?» አለች።

«ወደ ታች።»

«ቀለሙ እኮ እግር ላይ ይቀራል።»

«አውቃለሁ።»

«አሮጊት ነው የምንመስለው፣ ማርዜ። እነዚህ ልጆች ሁለት ሳምንት ሙሉ አንገታችሁ ላይ አድርጉ ብለሻቸው አሁን ደግሞ ተሳስቻለሁ ልትያቸው ነው?»

«አዎ።»

«በስምሽ የሚጠራ ነገር ነው እኮ።»

ይህን ሌሊት ሳስብበት ነበር ብል ውሸቴን ነው፤ እዚያው ነው የመጣልኝ። «ወደ ታች የሚለበሰው ባንቺ ስም ይጠራ» አልኳት።

ፌኔት አናናሷን አቆመች። «ፌኔቴ?»

«ፌኔቴ።»

ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ ስድሳ ሦስት ሴት ልጅ ይዛ በራችን ላይ ቆመች። ሁሉም ጥለቱን ወደ ታች። እውነቴን ነው፣ አያምርም ነበር። አንድ በአንድ ገቡና ወንበሮቹን ሞሉ። አባባ መሀል ላይ ተቀምጧል፣ እማዬ እንደ ነጠላ የሳሳ ነጭ ሸሚዝ ደርባለታለች። እማማ ሶልያና ከጎኑ ናቸው፤ የራሳቸውን ነጠላ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ጠዋት ተሠርተው መጥተዋል፤ ማን እንዳዘዛቸው አላውቅም። ልጆቹ የሠርግ ጭብጨባ አያውቁም። የትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ እንደምናጨበጭበው ጠፍ ጠፍ ጠፍ ሲያደርጉት እማማ ሶልያና «ኧረ በጌታ፣ ወታደር ነው የምታስሸኙኝ?» ብለው ከመቀመጫቸው ሆነው አስተማሯቸው። በሩብ ሰዓት ውስጥ ያዙት። እልልታውን ግን ሳይማሩ ነው የቻሉት።

አሥር ሰዓት ተኩል ሆነ። ኮሌታዎቹ ዝም ብለዋል። አሥር ሰዓት ከአርባ። ጋሽ ናሆም ሰሌዳቸውን ይዘው ከጥግ ላይ «እያየ ነው፣ እያየ ነው፣ ግን አልወሰነም» አሉ። አሥር ሰዓት ከሃምሳ። «ድብልቅ ነው ይለኛል። ከመካከላችሁ ሐዘንተኛ አለ ይላል። ማነው ያዘቀዘቀ?»

ሁላችንም እርስ በርስ ተያየን። ሁሉም ወደ ታች ነው። ፌኔት ዞር ዞር አለችና ዓይኗ እኔ ላይ ቀረ።

«ማርዜ» አለች። «አንቺ ነሽ።»

እጄን አንገቴ ላይ አደረግኩ። ጥለቱ እዚያው ነበር። ከቤት ስወጣ መስታወት ፊት ቆሜያለሁ፤ እጄ የለመደውን አደረገ። ስድሳ ሦስት ሰው እያየኝ ገለበጥኩት። ሙዙ ወደቀ።

አሥር ሰዓት ከሃምሳ አራት ላይ የሁላችንም ኮሌታ በአንድ ጊዜ እልል አለ። እልልታው የሰው አይደለም፤ ልክ እኩል ረዝሞ እኩል ይቆማል። ከዚያ ያ የማይቸኩለው ድምፅ መጣ። «በብሎክ አርባ አንድ ሠርግ ነው። ሙሽራው አባላችን አቶ ኪሩቤል ተስፋዬ፣ ሙሽሪት አባላችን ወይዘሮ ሶልያና በቀለ። የቀረ ስሙ ይያዛል።»

የአባባ ብርዴ ከሸሚዙ ሥር ትንሽ ተንቀጠቀጠና መንፋት ጀመረ። አባባ ቀና ብሎ ተቀመጠ። «ኧረ ቀዘቀዘኝ» አለ። እማዬ ፊቷን በእጇ ሸፍና አለቀሰች፣ የማክሰኞውንም ጨምራ መሰለኝ። አሥር ሰዓት ከሃምሳ ሰባት ላይ ሆስፒታሉ ጻፈ፦ ቀጠሮዎ ጸንቷል፣ ስምምነቱን ባለቤትዎ ይፈርሙ። እማማ ሶልያና ፈረሙ። መነጽራቸውን ለማግኘት ትንሽ ፈጀባቸው፣ ግን ፈረሙ።

ቆይቼ የጋሽ ናሆምን ሰሌዳ አየሁት። ስህተቱን ያረመው የለም። ማክሰኞ ሞተ፣ ረቡዕ ሙት ዓመቱ ወጣ፣ ሐሙስ አገባ ይላል፤ ሦስቱም እዚያው ተከታትለው ተጽፈዋል፤ ጥሩምባው አንዱም አልከበደውም። «ቢጠየቁስ?» አልኳቸው። «ማን ይጠይቃል?» አሉ። እሳቸውም ሰሌዳውን ዘጉት።

አሁን ብሎኩ ውስጥ ሁሉም ሰው በሩ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ልብሱን ያያል። ነጠላ የሌለውም ኮሌታውን ያስተካክላል፤ ለምን እንደሆነ አያውቅም፤ ያስተካክላል። እኛም ልጆቹ ሥርዓት አበጅተናል። ከበሩ ውስጥ ፌኔቴ፣ ከበሩ ውጭ ማርዜ። በሩ ጋ ለመገልበጥ አራት ሰከንድ ይፈጃል፤ ተለማምደነዋል።

የአባባን ዓይን የፈቱለት በሳምንቱ ነው። ሆስፒታሉ ከበራችን ውጭ ስለሆነ በሚገባ ለብሼ ሄድኩ፤ ጥለቱ አንገቴ ላይ፣ ሙዙ ወገቤ ላይ። ሐኪሟ ፋሻውን አነሣችለት። ዓይኑን ጨፍኖ ከፈተ፣ ጨፍኖ ከፈተ። መጀመሪያ ያየው ከጎኑ የተቀመጡትን ነው።

«ሶሊ፣ ሸበትሽ እንዴ?»

«ባሌ ከሞተ ጀምሮ» አሉ እማማ ሶልያና።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ከሦስት ዓመት በኋላ ፊቴን ሲያየኝ ነው። ዓይኑ ከፊቴ ወረደና አንገቴ ላይ ቆመ፤ ወርቁን አየው፣ ሰማያዊውን አየው።

«ማን ሞተ?» አለ።

«አንተ» አልኩት።

ትንሽ አሰበ። ነጠላውን ከላይ እስከ ታች ደግሞ ደጋግሞ አየው፣ ሙዙ ላይም ቆየ።

«ያምራል» አለ። «በሩ ጋ ስንደርስ ግን አውርጂው።»